ሰመራ ላይ የዝናብ ጃኬት

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ሁመድ ዛሬም "እርስዎ" አለኝ። ስድስት ዓመት "አንቺ ሰርኬ" ሲለኝ የኖረ ሰው፣ በስብሰባ መሃል "ወይዘሪት ሰርካለም፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" ይለኛል። አክብሮት እንዳልሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ "እርስዎ የሚሉትን ልስማ" አልኩት። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ስብሰባው የተጠራው ለዝናብ ጃኬት ነው። ሰመራ ላይ፣ በሰኔ፣ ማራገቢያው ትኩስ አየር እያዞረብን፣ የግዢ ኃላፊው አቶ ግርማ ሦስት ናሙና ጃኬት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ሰው ሳቀ። አንዱ "ማየቱ ራሱ ያልባል" አለ። እኔ አልሳቅኩም። ሁመድም አልሳቀም። ዛሬ የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ አምስት ሆነን ወደ ወሎ ተራሮች እንወጣለን። ጫፍ ላይ ያሉትን የዝናብ መለኪያዎች ጠግነን፣ አንብበን ቁጥሩን ወደ ታች እንልካለን። እዚያ የጣለው ዝናብ ነው ጎርፍ ሆኖ እኛ ሜዳ ላይ የሚደርሰው። ቁጥሩ በጊዜ ከመጣ የወንዝ ዳር ሰው ልጁንና ከብቱን ይዞ ይነሣል። ካልመጣ የሚነሣው ውሃው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ሁመድ የአሳይታ ልጅ ነው። ይህን ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግም።

ኃላፊያችን "ጃኬቱን እናንተ ሁለታችሁ ትመርጣላችሁ። ሁለታችሁም ካልፈረማችሁ አይገዛም። እስከ ዓርብ" አለ።

ለምን ሁመድንና እኔን እንዳደረገ ይገባኛል። ባለፈው ዓመት የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሊሞት የነበረው እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አምና ጃኬቶቹ በካርቶን መጡ። ሰማያዊ፣ ቀለል ያሉ፣ "ውሃ አያስገባም" የሚል ወረቀት የተንጠለጠለባቸው። አቶ ግርማ የርክክብ ቅጹን ዘረጋልኝ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ርቦኛል፣ ውጭው ይነድዳል። አንዷን እንኳ ሳላጠልቅ "መርምሬ ተረክቤያለሁ" ከሚለው ሥር ፈረምኩ።

ተራራው ላይ በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ከነፋስ ጋር ከጎን መጣ። ሰዓት ሳይሞላ ትከሻችን ራሰ። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት፣ ከሥር ወፍራም የሱፍ ሹራብ ደርቤ ነበር። ሁመድ ከሥር የለበሰው ሰመራ የሚለብሳትን ሸሚዝ ነው። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መንቀጥቀጡ ቆመ። "ለመደው" ተባባልን። ትንሽ ቆይቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ዚፑን ከፈተ።

"ሞቀኝ" አለ። "ወላሂ ሞቀኝ፣ ተዉኝ።" ጃኬቱን ሊያወልቅ ይታገላል።

ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። የአፋር ልጅ በዚያ ብርድ ሞቀኝ ሲል ቀልድ መሰለን። ብርድ ሰውን ሲጨርስ እንደዚያ እንደሚያደርገው ያወቅሁት ኋላ ነው። ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ሲል ነው የደነገጥነው። የአካባቢው ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱት። ጭንቅላቱን ደግፌ ስሙን እየጠራሁ ነበር የወረድኩት። የሳንባ ምች ያዘው። ሃያ ቀን ደሴ ሆስፒታል ተኛ።

ይኸው። ተጻፈ። አልቀለለኝም።

የዛሬ ሥራዬ፦ ሦስቱን ናሙናዎች ቢሮዬ ወስጄ ገለበጥኳቸው።

ቀዩ፦ ያምራል፣ ቀላል ነው። ስፌቱ ከውስጥ ምንም አልተለጠፈበትም።
ጥቁሩ፦ ስፌቱ ላይ ከውስጥ ቀጭን ፕላስቲክ ተለጥፏል፣ ጎሽ። ዚፑ ግን መሸፈኛ የለውም።
ብርቱካናማው፦ ጎማ የተቀባ፣ ከባድ፣ ሲለብሱት እንደ ድንኳን የሚንኮሻኮሽ። ውሃ የሚያስገባ አይመስልም። ላብ የሚያስወጣም አይመስልም። ዳገት ላይ በላብ ርሰህ ጫፉ ላይ ነፋስ ካገኘህ ከዝናብ በምን ይለያል?

አቶ ግርማ የሚፈልገው ቀዩን ነው። በሩ ላይ ቆሞ "እንኳን ውሃ ነፋስ አያስገባም፣ ፈርሚና እንገላገል" አለኝ።

"አምናም እንደዚሁ ብለውኝ ነበር" አልኩት።

"አምና እጅሽን ይዤ አስፈረምኩሽ?"

በዚህ መሃል ሁመድ ሳያንኳኳ ገባ። ማንንም ሰላም አላለም። ቀዩን አንሥቶ ስፌቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው። የመርፌው ቀዳዳዎች ተራ በተራ አበሩ። "ይህን ያህል ኮከብ ሰማይም ላይ የለ" አለና ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎት ወጣ። አቶ ግርማ እኔን ነው የገላመጠኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25። አዋሽ ሰባት ኪሎ

የሁመድ ሐሳብ ነው። አዋሽ ላይ ሰልባጅ የምትሸጥ ሐሊማ የምትባል ሴት አለች፣ ከባድ መኪና ነጂዎቹ ለደጋ መንገድ ጃኬት የሚገዙት ከእሷ ነው ብሎ ለኃላፊያችን ነገረው። ለእኔ አልነገረኝም። ማለዳ "መኪናው ደርሷል፣ ናሙናዎቹን ይዘው ይውረዱ" ተብዬ ነው የሰማሁት።

እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሚሌ ቁርስ ስንቆም ለራሱና ለሹፌሩ ብቻ አዘዘ። ሹፌራችን ተሳቀቀና ትሪውን ወደ እኔ ገፋው፤ "ጾም ነኝ" ብዬ የራሴን ሽሮ አዘዝኩ። ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ሁለት ቤት እንደምንበላ ነበርን። ከገዋኔ በኋላ ሹፌሩ ዘፈን ከፈተ። ሁመድ ዘጋው። ሹፌሩ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ከፈተው። ተባረክ።

የሐሊማ ሱቅ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ሰፊ ሴት ናት፣ ደንበኛ የማትለማመጥ።

"ለየትኛው አገር ነው?" አለችን።

"ለወሎ ጫፍ" አላት ሁመድ።

"አንተ? በዚህ ደረትህ?" ሳሉን ሰምታለች። እስካሁን አልለቀቀውም።

ሰባት ጃኬት አወጣችልን። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ እያንዳንዱን ገለበጥኩ። ሦስቱ ውስጣቸው እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይላጣል፤ ከውጭ ሲያዩት አዲስ፣ ከውስጥ ያለቀለት። አራቱ አረንጓዴዎች ግን ሌላ ናቸው። ስፌታቸው ሁሉ የተለጠፈ። ዚፓቸው ጎማ የለበሰ። ትከሻቸው ላይ ቦርሳ እንዳይበላው ድርብ ጨርቅ። ብብት ሥር ላብ የሚያስወጣ ሌላ ዚፕ። ቆባቸው ፊት ላይ በገመድ የሚጠብቅ፣ ጠርዙ ጠንካራ። እንደዚህ ያለ ልብስ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

"በውሃ ልሞክራቸው" አልኳት።

"ካራስሽው ገዛሽው።"

"ካስገባስ?"

"ካስገባ ያንቺ ዕድል ነው፣ እህቴ። እኔ ጃኬት ነው የምሸጠው፣ ዋስትና አይደለም።"

ሁመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። በእኔ ላይ ነው፣ ግን ሳቀ። አራቱን ከየኪሳችን ሁለት ሁለት ገዛን። እኛ አምስት ነን። አራት ብቻ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

እጄ እስካሁን ሐምራዊ ነው። በሳሙና አልለቀቀም።

ጠዋት ሆቴሉ ደጅ ቆሜ ሳስብ ችግሩ ታየኝ። በዚህ ሙቀት ጃኬት የለበሰ ሰው በሁለት ደቂቃ በላብ ይርሳል። ውሃ ይግባ ላብ ይሁን በምን እናውቃለን? ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ የማኅተም ቀለም ገዛሁ፤ ሐምራዊውን። ለየጃኬቱ አንድ አንድ ነጭ ካናቴራም ገዛሁ። ላቫጆ ሄደን ቀለሙን የፓምፑ ውሃ ካለበት በርሜል ውስጥ ገለበጥነው። የገባው ውሃ ከሆነ ካናቴራው ሐምራዊ ይሆናል፤ ላብ ከሆነ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ሁመድ ይህን ስነግረው "እ" አለ። ከእሱ ብዙ ነው።

የላቫጆው ባለቤት የከባድ መኪና ጭቃ የሚያወርድበትን ቱቦ ይዞ አፈጠጠብን። "ሴትዮዋን እጠባት ነው የምትሉኝ?"

"ስጠኝ፣ እኔ አጥባታለሁ" አለ ሁመድ። ቱቦውን ተቀበለው።

ቀዩን ለበስኩ። ፓምፑ ሲመታኝ ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ። ሁለት ደቂቃ። ሳወልቀው ሁለቱም ትከሻዬ ሐምራዊ፣ ደረቴ ላይ ዚፑን ተከትሎ ሐምራዊ መሥመር፣ ብብቴ ሐምራዊ። ጥቁሩ፦ ትከሻው ደህና፣ ዚፑ ግን ሆዴ ድረስ አወረደው። ብርቱካናማው፦ አንድ ጠብታ ቀለም አላስገባም። ካናቴራዬ ግን ከላብ የተነሣ ይጨመቃል።

ከዚያ የሐሊማን አረንጓዴ ለበስኩ። ድንጋይ የሞላ ቦርሳ ጀርባዬ ላይ አዘልኩ፣ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። ሁመድ ከትከሻዬ ጀመረ፣ ወደ ደረቴ መጣ፣ ከዚያ ቀጥታ ፊቴን መታኝ። አፌ፣ ዓይኔ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ቀለም ገባ። እጄን ብወራጭም አላቆመም። ተራ የሚጠብቁት ነጂዎች ይስቃሉ።

"ሆን ብለህ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"አዎ ሆን ብዬ ነው!" ቱቦውን መሬት ወረወረው። "ሃያ ቀን ደሴ ተኛሁ! አንቺ አንድ ቀን በሩን አንኳኩተሻል? የማላውቃቸው ገበሬዎች፣ የተሸከሙኝ፣ ማር ይዘው መጥተው ጠየቁኝ። አንቺ በመኪና ሁለቴ ደሴን አልፈሽ ሄድሽ። ሹፌሩ ነግሮኛል።"

አንቺ አለኝ። በዚያ ሁሉ ንዴት መሃል መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ነው።

"ፊርማውን ብዬ…" አልኩ።

"የምን ፊርማ! ፊርማውን መቼ አነሣሁብሽ? ሳያይ ያልፈረመ ማን አለ?"

"ስቄብህ ነበር፣ ሁመድ። ሞቀኝ ስትል ስቄብህ ነበር። ምን ፊት ይዤ ልምጣ?"

"ሁሉም ስቋል" አለ። ድምፁ ወረደ፤ ሳሉ ያዘው፤ ጎንበስ ብሎ ሳለ። "ሁሉም ስቋል። ሁሉም ግን መጣ።"

የላቫጆው ሰው "ውሃው እየፈሰሰ ነው፣ ጨርሳችኋል?" አለ።

ጃኬቱን አወለቅሁ። ካናቴራዬ እርጥብ ነው፣ ግን ነጭ ነው። ሁመድ ቀረብ ብሎ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ብብቱን አየ። ምንም። ቦርሳ የሚያርፍበትን ቦታ በድንጋይ ደጋግሞ ፈተገውና ራሱ ለብሶት ቱቦውን ሰጠኝ። ፊቱን አልመታሁትም። መምታት ፈልጌ ነበር። አራቱንም ፈተንን፣ አራቱም አለፉ።

ይቅርታ አላልኩትም። ለምን እንዳላልኩ አላውቅም። በመልሱ መንገድ አሁንም እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ዓርብ፣ ሰኔ 27። ሰመራ

በቀዩ ሥር የለበስኩትን ካናቴራ ይዤ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። አቶ ግርማ ቀድሞኝ ተቀምጧል።

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። "ይህ ቀዩ ያስገባው ነው" አልኩ። ኃላፊያችን ሐምራዊውን ትከሻ በጣቱ ነካ አደረገ።

አቶ ግርማ፦ "ሰልባጅ በመንግሥት ገንዘብ አይገዛም።"

"ማንም ግዛልን አላለም" አለ ሁመድ። "ከኪሳችን ገዝተናል።"

"ታዲያ ምን ቀራችሁ? ቀዩን ፈርሙ፣ የራሳችሁን ልበሱ።"

"የሚቀጥለው ዓመት ሰው ቀዩን ለብሶ ይወጣላ" አልኩ።

"አንቺ አሁን የሰው ነፍስ አሳቢ ሆንሽ?" አለኝ አቶ ግርማ። ምን ልበል? እውነቱን ነው። ፊቴ ነደደ። ሁመድ ይመልስልኛል ብዬ ወደ እሱ አየሁ። አልመለሰልኝም። መስኮቱን ነው ያየው።

ከናሙናዎቹ ያለፈው ብርቱካናማው ብቻ መሆኑን ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን። መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥዬ እኔ። ያንን ይግዙ፤ ከባድ ነው፣ ግን ሰው አይገድልም፣ ዳገት ላይ ዚፑን ከፍተው በቀስታ ከሄዱበት። ይህንንም ጻፍኩበት። አቶ ግርማ ወረቀቱን ሲወስድ "ሥራ በማሰናከል ደብዳቤ ትጠብቃላችሁ" አለ። ይጻፍ።

አራቱን አረንጓዴዎች እነሱ ይልበሱ፣ ብርቱካናማውን ናሙና እኔ እለብሳለሁ አልኩ።

ሁመድ፦ "ጻድቅ እንዳትሆኚብን።"

"ብርድ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ነው" አልኩት። ጥርሴን ነክሼ።

እሑድ፣ ሰኔ 29

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሙዝ ገዛሁ። ሁመድ ቤት ሄድኩ። እግሬ እዚያ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም።

በሩን ራሱ ከፈተ። ፌስታሉን አየ፣ እኔን አየ።

"ምንድን ነው?"

"ልጠይቅህ መጥቼ ነው።"

"ከዓመት በኋላ?"

"ከዓመት በኋላ።"

በሩን ይዞ ቆመ። ፀሐዩ አናቴን ይበሳኛል። ሊዘጋው ነው ብዬ ነበር። ሚስቱ መዲና ከውስጥ "ማን ነው?" አለች፤ መጥታ ስታየኝ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። መዲና ውሃ አመጣችልኝ። ሁመድ ስልኩን ያያል።  

በመጨረሻ "እንዴት ነህ?" አልኩት፣ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ እንደሚባለው።

"አልሐምዱሊላህ" አለ። ሌላ የለም።

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ሰማሁ" አለ። ይቅር አልኩሽ አላለም። ሰማሁ ነው ያለው።

የሸኘችኝ መዲና ናት። በሩ ላይ "ሌሊት አሁንም ይስላል" አለችኝ። "አይታችሁ ሂዱ።"

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2። ተራራው ላይ

የምጽፈው ከእረኞች ጎጆ ውስጥ ነው። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ቢሆንም ደመናው አጨልሞታል።

ትናንት ሁለቱን መለኪያዎች ጠገንን። የዛሬው የመጨረሻው፣ ጫፉ ላይ ያለው ነው። ሦስቱን ባልደረቦቻችንን እዚህ ትተን ሁመድና እኔ ወጣን። የተራራውን ጎን ስንጀምር በረዶ መጣ፣ ከዚያ ከጎን የሚመታ ዝናብ። ብርቱካናማው ይከብዳል፤ ዳገቱን ዚፑን ከፍቼ በእርምጃ ሄድኩ፣ ነፋሱ ሲጀምር ዘጋሁት። ከውስጥ ላብ አለ፣ ይታገሡታል።

ከጫፉ በታች፣ አምና የተቀመጠበት ድንጋይ አጠገብ፣ ሁመድ ቆመ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። እጄን በአንገትጌው ሰድጄ ሸሚዙን ነካሁ። ደረቅ ነው። ሙቅ ነው። ብርድ አይደለም።

"አልችልም" አለ።

በርታ አላልኩትም። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሄጄ ቆምኩ።

"ሂጂ! ብቻሽን አንብቢ!"

አልሄድኩም።

"ሂጂ አልኩሽ! ምን ታዪኛለሽ? ልትስቂ ነው?"

"ስምህን ንገረኝ" አልኩት። "የእናትህን ስም ንገረኝ። የት ነው ያለነው?"

ተሳደበ። በአማርኛ፣ ከዚያ በአፋርኛ፣ ረጅም ስድብ። ከዚያ ግን መለሰ። ስሙን አለ፣ የእናቱን ስም አለ፣ "የማይረባ ተራራ ላይ፣ ከማትረባ ሴት ጋር" አለ። አእምሮው ልክ ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም፤ ጣቶቼ ጓንት ውስጥ ደነዘዙ። ከዚያ አለፈኝና ወጣ። እኔ ከኋላ።

መለኪያው ሞልቶ ነበር። ሁለቴ አነበብነው፣ እሱ አንዴ እኔ አንዴ። ተያየን። ይህ ሁሉ ውሃ ወደ ታች እየሄደ ነው።

ጎጆው ስንደርስ ሦስቱ እሳት አንድደው ጠበቁን። ሁመድ ጃኬቱን ሳያወልቅ ስልኩን ይዞ ተመልሶ ወጣ፤ ኔትወርክ ያለው ከኮረብታዋ ላይ ብቻ ነው። በበሩ ክፍተት አየዋለሁ፣ ዝናቡ ውስጥ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ልተካህ አልኩት፤ "ተቀመጪ፣ ለዛሬ የሚበቃሽን ዳገት ወጥተሻል" አለኝ። ስድብ ይሁን ሌላ አልገባኝም።

ጻፍ ጻፍ ሳደርግ ጮኸ። "ሄደ! ሄደ!"

ቁጥሩ ሄዷል። ከታች ማን እንዳየው፣ ማን እንደተነሣ ገና አናውቅም። ዝናቡ አላባራም። እሱ እዚያው ቆሞ መልሱን ይጠብቃል፤ ቆቡን አጥብቋል፣ አይስልም። አዳምጣለሁ። እስካሁን አልሳለም።